እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ

ጦሳ ጉም ደርቦ ገና ሳይገለጥ፣ ደሴ ስታዛጋ፣
አያ ሰይድ ይመር፣ የቧንቧ ውሃው ልብስ ሰፊ፣ መጡ እኛ ጋ።
ደረሰኝ ይዘዋል፣ በጨርቅ የጠቀለሉት፣
ሁለት ጊዜ አጥፈው በክር ያሰሩት።
«ሦስት ወር ከፈልኩኝ፣ ሒሳቤ የታወቀ፤
የጎረቤት ይፈሳል፣ የኔ ብቻ ደረቀ።»
ዘርፌ ኮምፒዩተር ላይ ስማቸው ቀልቷል፤ «አልከፈሉም» ይላል ቀዩ፤
«ወላሂ ከፍያለሁ! ዓይን አላችሁ፤ ወረቀቱን እዩ!»

እኔ ከኋላ ክፍል ነኝ፣ ከመዝገብ ክምር ሥር፤
ያለችኝ አንዲት ማሽን፣ ጥቁር ስክሪን፣ ነጭ የፊደል መስመር።
ማውሷ ከሞተ ቆየ፤ አይጡ ግን ጣሪያው ላይ አለ፤
ሰረዟ ብልጭ ድርግም፣ «እህ?» ብሎ ጆሮ እንደሰጠ ሰው፣ ዝም እንዳለ።

እንድሪስ ነው ያስተማረኝ፣ ኮምቦልቻ፣ በሌሊት ፈረቃ፤
«ኔትወርኩ ሲያነክስ» ይለኝ ነበር፣ «ያጌጠው ገጽ ይወድቃል እንደ ሸክላ ዕቃ፤
ፊደል ግን ቀላል ነው፣ በቀጭን ሽቦ ያልፋል፤
መሣሪያም አንድ ሥራ ይያዝ፤ ሁለት የያዘ ሁለቱን ያጠፋል።
ግሬፕ ይፈልግ ብቻ። ሶርት ይደርድር ብቻ። ዩኒክ መንታውን ያባር።
ጠፋህ? ‹ማን› ብለህ ጻፍ፤ መጽሐፉ ራሱ ይናገር።»
(ሳቅሁ ያን ቀን፤ በኛ ቋንቋ ጥያቄ፣ በሷ ቋንቋ መልስ፤
«ማን?» ስላት «ማንን?» አለች፤ ገጹን ዘረገፈች እስከ ግርጌው ድረስ።)

በመካከላቸው ደግሞ አንዲት ዘንግ አለች፣ የቆመች ሰረዝ፤
ስሟም ቧንቧ ነው፤ ካንዱ አፍ ተቀብላ ላንዱ የምታጓጉዝ።
የውሃ ሠራተኛ ነኝና ከሁሉ እሷን አመንኩ፤
ዝገት አያውቃትም፣ ክረምት አይሰብራትም፤
አሥራ ሁለት ሺህ ስም ለቀቅኩባትና ጠበቅኩ።

ግሬፕ፣ «ሰይድ ይመር»፣ በክፍያው መዝገብ ላይ፤
ዝም። አንዲት መስመር የለም፣ እንደ ውጭው ሰማይ።
በቤት ቁጥር ደገምኩ። ወጣ! አንድ ሳንቲም ያላጎደለ፤
ግን በንጉሡ ሠ፣ እጁን ሽቅብ ባነሣው፣ «ሠይድ ይመር» ያለ።

እኛ ጋ እሳቱ ሰ፣ እዚያ ንጉሡ ሠ፤
ጆሮ አንድ ያደረገውን ማሽን ለሁለት ቆረሰ።
ሰኞ ገበያ ቢጣሩ የሚዞረው አንድ ሰው ነው፤
እሷ ግን ድምፅ አታውቅም፣ የምትቆጥረው ቅርጹን ነው።
ስንቱ እንዲህ ደረቀ? ሐሰን ከሀሰን ተጣልቶ፣ ዓሊ ካሊ ተለይቶ፣
ፀሐይ ከጸሐይ ርቃ፤ ቆጠርኩ፦ መቶ አርባ ሦስት ቤት፣ ስሙ ለሁለት ተከፍቶ።

እንግዲህ ተራው የሴድ ነው፣ ፊደል ነቃይ፣ ፊደል ተካይ፤
«ሴድ!» አልኩ ጮክ ብዬ። «አቤት!» አሉ አያ ሰይድ፣ «ተገኘ ወይ?»
ሠ ሁሉ ሰ ትሁን፣ ባንድ ትእዛዝ! ጣቴ ኢንተር ላይ ነበረ፤
«የድሮውን ቅድ አስቀርተሃል?» አሉ፤ «ቅድ ሳይዝ ልብስ የፈታ ሰፊ ከሰረ።»

ላቤ መጣ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ «እርግጠኛ ነህ?» የሚል የለም፤
ታዛዥ ናት እንጂ አዛኝ አይደለችም።

«የትኛው ነው ትክክሉ?» አልኳቸው። «እኔስ ስሜን ያወቅኩት በሲን ነው፤
ሦስት ጥርስ ያላት፣ ቁርአን ቤት፣ በሉህ ላይ። እሷን የሚመስለው የትኛው ነው?»
ስክሪኑን አዞርኩላቸው።
ጣታቸው ሠ ላይ አረፈ። ሦስት ጥርስ።
ልነቅላት የነበረችው እሷን።

ተውኩት። መዝገቡን አልነካሁም፤ ስም የባለቤቱ ነው፤
በቧንቧዋ ውስጥ ብቻ፣ ሲያልፉ ብቻ፣ እሳቱም ንጉሡም አንድ ይሁኑ፤
ሲወጡ ይግቡ እንደየቤታቸው።
መቶ አርባ ሦስት መስመር ወረደ። ሙህዬ ዝርዝሩን በኪሱ፣ መፍቻውን በትከሻው፣
ዳገቱን ወጣ፤ ከላይ የተጻፈው ስም የሳቸው።

ማታ ስልክ ተደወለ። መጀመሪያ የሰማሁት ነፋስ ነው፣ የቧንቧ ሳል፤
ከዚያ ዝገት የቀላቀለ ውሃ፣ ባልዲ ሲመታ፤
«ቀይ ነው፣» አልኳቸው፣ «ይታገሡ።»
«አብሽር፣» አሉኝ፣ «ቀስ ብሎ ይጠራል።»